አይተው ያልገዙ

ሰው በገዛ ደግነቱ የልጅ ልጁን ሌባ ሊያስብላት ይችላል? ማክሰኞ ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ አንዱን ካልሲ አጥልቄ ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ ራሴን የጠየቅሁት ይህንን ነው። የእኛ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምንለው እኛ ነን። ከግድግዳው ማዶ የልጅ ልጄ ስልኳን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ታበጥራለች። የሥራ አስኪያጇ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። «ሐሰተኛ ጎብኚ ገዝተሻል» ይላታል። «ሁለት መቶ ሙሽራ አገኘሁ ብለሽ አስጨበጨብሽ። ትናንት ብከፍተው ከግማሽ በላዩ ስልሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ነው! ባለሱቋ የወር ሙሉ የማስታወቂያ ገንዘቧን በባልቴት ላይ ነው የረጨችው። ይሄ ሌብነት ይባላል። አራት ሰዓት ላይ ትመጪና፣ ጎብኚዎቹን ከፍዬ ነው ያመጣኋቸው ብለሽ ትፈርሚያለሽ።» ማበጠሪያው ቆመ። «አልከፈልኩም» አለችው። «ታዲያ ከየት መጡ? ከሰማይ ወረዱ?» አለና ዘጋባት። ከየት እንደመጡ በዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የልጅ ልጄን ስንጥሬ ነው የምላት፤ ቅጥነቷ እንደ ስንጥር ስለሆነ፣ ደግሞም አንዴ ከገባችበት ነገር በቀላሉ ስለማትወጣ። ሥራዋን ለመረዳት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝና ሳይገባኝ ራሴን አልነቀንቅም፣ እጠይቃለሁ። የሙሽራ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል፤ ሱቁ በስልክ የሚከፈት ገጽ አለው። ወደዚያ ገጽ የገባ ሰው በስንት ሰዓት ገባ፣ የትኛው ቀሚስ ላይ ቆመ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ዋጋውን አይቶ ደነገጠ አልደነገጠ ሁሉም ይመዘገባል። ስንጥሬ ከዚያ ውስጥ አይተው ያልገዙትን ትለቅምና ዝርዝር ታደርጋቸዋለች። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ዜና ቢከፍት፣ ዝናብ ይዘንብ ይሆን ብሎ ቢያይ፣ ያ ቀሚስ ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል። «ደላላ ነሽ በይኛ!» አልኳት። «ደላላ እንኳ ይደክመዋል እማማ» አለችኝ።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ማታ እራት ላይ ነው። ስንጥሬ ሳህኗን ሳትነካው ተቀምጣ ቀረች። ምን ሆንሽ ብላት፣ ዝርዝሩ አልሞላልኝም አለች። ሁለት ደቂቃ የቆየ፣ ሦስት ቀሚስ ያየ፣ አንዱን ቅርጫት ውስጥ ከትቶ ሳይገዛ የወጣ ሰው ቢያንስ መቶ መሙላት አለበት፤ ካልሞላ ማስታወቂያው ንቅንቅ አይልም። ያላት ሠላሳ ስምንት ሰው ነው። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እኔ እንግዲህ ልጅ በሰው እጦት እራቷን ስትተው ቁጭ ብዬ የማይ ሰው ነኝ? ሰው እንደሆነ እኔ ጋ ሞልቷል። ሁሌ ማክሰኞ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ፣ የግፊት ክትትል ያለብን ሰዎች ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በየአግዳሚው ተደርድረን ተራ እንጠብቃለን። ሁላችንም ልጆቻችን የገዙልን ትልልቅ ስልክ አለን፤ ሲጮህ ከማንሣት በቀር ምን እንደምናደርግበት አናውቅም።

ባለ አራት ማዕዘን መስመር ሰማያዊ ደብተር ገዛሁና ሥራዬን ጀመርኩ። የእያንዳንዱን ስም ጻፍኩ፣ ማታ ደውዬ እንዳስታውሳቸው ስልክ ቁጥራቸውንም። ደብተሩ በእጄ ካለ አይቀር ብዬ፣ ካርድ ክፍል ሁሌ ካርድ ስለሚጠፋበት የዕለቱን የግፊት ልካቸውንም ከጎኑ አሰፈርኩ። ደቂቃውን የምንለካው በግድግዳው ሰዓት ነበር። ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ጮክ ብላ «ሦስተኛው ቀሚስ! ግቡ!» ስትል ሠላሳ አውራ ጣት አንድ ላይ ይነሣል። ጡረተኛው የጭነት መኪና ሹፌር ጭራው የተጎተተ፣ ዋጋው አርባ ሺህ የሆነ ቀሚስ ላይ ዓይኑ ወድቆ አልነሣ አለ። «ይቺ ተሳቢ ናት» አለን፣ «ለመታጠፍ ሁለት መንገድ ትፈልጋለች።» እያንዳንዱ ደግሞ ሰፈሩ ሄዶ ሁለት ሦስት ሰው ይጎትታል። በሳምንቱ ቀሚሶቹ ይከተሉን ጀመር። አዋላጇ የመብራት ክፍያ ልታይ ስልኳን ስትከፍት ሙሽራ ብቅ ትልባታለች። የሹፌሩ ሚስት «ይቺ ነጭ የለበሰች ማናት? በዚህ ዕድሜህ!» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችው። እንዲያ ስንስቅ ግፊት የምትለካው ነርስ እንኳ «ዛሬ ሁላችሁም ወርዶላችኋል፣ ምን በላችሁ?» አለችን። ሹፌሩ ያልሳቀበት ነገር ቢኖር መድኃኒቱ ነው። ክኒኑን ይጠላዋል። ሁሌ ከኔ ጎን ሲቀመጥ «እትዬ፣ ከዚህ ክኒን ሌላ መላ አልሰማሽም?» ይለኛል፤ ሁሌ እቆጣዋለሁ።

በወሩ ስንጥሬ እየበረረች ገባች። ዝርዝሩ ሁለት መቶ ገብቷል፣ ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት አመስግኗታል፣ የሙከራ ጊዜዋም አብቅቶ ቋሚ ሆናለች። ለኔ ለስላሳ ነጠላ ጫማ ገዝታልኝ ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን የተነገረ ስጦታ ጣዕሙ ይቀንሳል ብዬ ዋጥኩት። እሷ በላቧ ያገኘችው መስሏት ደስ ይበላት ብዬ ዋጥኩት። እንግዲህ ያ የዋጥኩት ነገር ነው ማክሰኞ ጠዋት በግድግዳው ማዶ ሲጮህ የሰማሁት።

ልጄ፣ የስንጥሬ እናት፣ ወጥ ቤት ቆማ ነጭ ጋዋኗን ትተኩስ ነበር። መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳት። ካውያው ከጋዋኑ ላይ ሳይነሣ ስለቆየ ሽታው ሸተተኝ። «አንቺ ደግሞ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ። እባክሽ አትግቢበት። አያቴ ናት ያመጣቻቸው ብላ ብታስረዳ ማን ያምናታል? መሳቂያ ነው የምታደርጊያት።» ስንጥሬ ወደ ወጥ ቤት መጣች። ሻይ ቀዳች፣ ዳቦውን አየችው፣ ተወችው። ያ ዳቦ ካለፈው ወር በሦስት ብር ጨምሮ በመጠኑ ደግሞ በግማሽ ቀንሷል፤ እንዲያም ሆኖ የሚበላው ጠፋ። ሦስታችንም ቆመን የተቃጠለውን ጋዋን እናያለን፤ ማናችንም ምን እንደምናይ አንናገርም። ስንጥሬ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ልጄም የተቃጠለውን ጎን ወደ ውስጥ አጥፋ ለበሰችና ተከተለች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ጤና ጣቢያ የምሄድበት ቀን ነው፤ ሰማያዊው ደብተር በፌስታል ተጠቅልሎ በር ላይ ተንጠልጥሏል። አትግቢበት ተብያለሁ። የገባሁት እኮ ከስድስት ሳምንት በፊት ነው! የምወጣበትን ነው እንጂ የምፈልገው። ደህናውን ጫማዬን አደረግሁ፣ ደብተሩን ከነፌስታሉ አወረድኩና ጤና ጣቢያ ወደሚያወጣው ዳገት ሳይሆን ወደ ታች ወደ አውቶቡሱ ወረድኩ።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ ከማርጀቱ የተነሣ ቢጫ ሆኗል። በየፎቁ እያረፍኩ ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ ልቤ ሲመታ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ዛሬ ብለካ ነርሷ ትጮኽብኝ ነበር አልኩ። ውስጡ መስታወት በመስታወት ነው። መደገፊያ የሌላቸው ወንበሮች፣ ውኃ ብቻ ያለበት ማቀዝቀዣ፣ በየስክሪኑ ላይ ወደላይ የሚወጡና የሚወርዱ መስመሮች። ስንጥሬ መስታወቱ ክፍል ውስጥ እጆቿን ከጭኗ ሥር ደብቃ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ አለ። ከማዶ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ ከስልኩ ይልቅ ለስለስ ያለ ሰው ሆኖ አገኘሁት። አንኳኩቼ አልጠበቅሁም።

«እማማ?» አለች ስንጥሬ።

«ሰዎቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት ለሰውዬው። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ እነዚያ ወንበሮች ላይ ከተቀመጥኩ እንደማልነሣ አውቃለሁ። «እሷ አልከፈለችም፣ እኔም አልከፈልኩም። ሐሰተኛ ያልካቸው ሰዎች ስም አላቸው፤ ደብተሩ ይኸው። የትኛዋ ናት ሐሰተኛዋ? ሁለት ሺህ ልጅ ያዋለደችው? ሠላሳ ዓመት ጭነት የነዳው ነው ሐሰተኛው? ሁለት ደቂቃ የቆየ ብላችኋል፣ ሁለት ደቂቃ ቆይተናል። አይቶ ያልገዛ ብላችኋል፣ አይተን አልገዛንም። ዕድሜው ይህን ያህል ይሁን ብሎ የጻፈ ሰው ግን አላየሁም።»

ስንጥሬ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አስለቀስኳት ብዬ ክው አልኩ፤ እሷ ግን እየሳቀች ነበር። ሰውዬውም ሳቀ። ወንበር ሳበልኝ፣ ውኃ አስመጣልኝ፣ «ይቀመጡ እማማ፣ ይንገሩኝ» አለኝ። ሰው ሲያከብረኝ ወሬ ይቀናኛል፤ የአዋላጇን ትእዛዝ፣ የሹፌሩን ተሳቢ፣ ሁሉንም አወራሁት። እሱ ግን ከስንጥሬ ቀድሞ መሳቁን አቆመ።

«ሁሌ ማክሰኞ ነው?» አለኝ።

«ሁሌ ማክሰኞ።»

«ሁሉም ግፊት አለባቸው? ስኳርስ?»

«ስኳር ሐሙስ ነው» አልኩት፤ እኔ ሞኟ! በኩራት ነው የመለስኩለት።

ደብተሩን ከፈተ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። ጣቱን በቀስታ በስልክ ቁጥሮቹ ላይ፣ ቀጥሎም በግፊት ልኮቹ ላይ አወረደ። እንዲያ ዓይነት አነካክ ጨርቅ ሲገዙ እንጂ የሰው ስም ላይ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ስንጥሬ አዞረው። የእጅ አምባር ነው፣ ከመዳብ የተሠራ፣ ዋጋው ስምንት ሺህ። ከሥሩ በትልቁ «ክኒንዎን ይጣሉ» ይላል። «የአምባሩ ባለቤት፣ እኚህ ደንበኛችን፣ ለአራት ወር ተመልካች አጥተው ሊለቁን ነበር» አላት። «እንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር በገንዘብ አይገኝም። ሁለት መቶው አሁንም ዝርዝሩ ላይ አሉልን፤ የቀሚሱን ማስታወቂያ አንሥተሽ አምባሩን ታስከትያቸዋለሽ። ደብተሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ደግሞ ታስገቢያለሽ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይድረስልኝ። ይሄ ወረቀት» አለና ፈርሚ የተባለችበትን ወደ ራሱ ሳበው፣ «ያኔ ይቀደዳል። ካልሆነ ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ በዚህ ሥራ የማያውቀኝ ቢሮ የለም።»

ስንጥሬ ዓይኗን ከስክሪኑ ወደ ደብተሩ መለሰች። እኔ የሹፌሩ ድምፅ ነው የመጣብኝ፤ እትዬ፣ ከዚህ ክኒን ሌላ መላ አልሰማሽም? ሰውዬው እጁን ደብተሩ ላይ እንደጣለ ነበር፤ ረስቶት ይሁን አስቦበት አላውቅም።

«ልጄ፣ እጅህን አንሣ» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ እኮ ልጅዎን እየረዳሁ...»

«አንሣ አልኩህ! ሰዎቹ ስማቸውን የሰጡኝ ለእኔ ነው።»

አነሣ። ደብተሩን በፌስታሉ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አደረግሁት። አራቱን ፎቅ ስንወርድ ክንዴን የያዘችኝ ስንጥሬ ናት። ማን ማንን እንደሚደግፍ ግን አይታወቅም ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን አንድ ሰው ከትኬት ቆራጩ ጋር በመልስ ይጨቃጨቃል፤ ታሪፍ ዛሬ ነው የጨመረው፣ ትናንት ነው በሚል። ስንጥሬ በመስኮት እያየች «ሹፌሩ መድኃኒቱን ይወስዳል?» አለችኝ። «እኔ እየተቆጣሁት» አልኳት። ቀጥላም፣ «ቁጥሮቹ የሉትም፣ ደብተሩ ላይ ብቻ ናቸው» አለች። «ሁለት መቶው ግን አሉት። እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ያሠራል። የሚጠፋው ከየሰዉ ስልክ ላይ ነው። ስልኩ ውስጥ የጎበኘውን ገጽ ምልክት የሚያስቀምጥበት ቦታ አለ፤ እሱ ከተጠረገ ዝርዝሩ ሰውየውን አያውቀውም። ግን አንድ በአንድ ነው፣ በእጅ።» «ብዙ ጊዜ ይፈጃል?» አልኳት። «ለአንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ» አለችና ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ወዲያው ሄደ። ደብተሩ ላይ ያለው ሰማኒያ ሰው በሁለት ደቂቃ ስንት እንደሚሆን በልቤ ማባዛት ጀመርኩ፣ ጠፋብኝ፣ ተውኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጄ መጣች። ሦስታችን ባለ አራት ወንበሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን፤ ደብተሩ በአራተኛው ሰው ቦታ ፊት ተቀምጧል። ምስሩን ማንም አላሞቀውም። ስንጥሬ የሆነውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት። ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። «ደብተር እኮ ነው!» አለች። «ስምና ቁጥር። የማን ስም ነው የሆነ ቦታ ያልተጻፈ? አከራይዋ ከመጪው ወር ጀምሮ እንደምትጨምር ነግራናለች፤ እኔ ብቻዬን የት አደርሰዋለሁ? ያልገዛ አይገዛ፣ ማን አስገደደው? አምባሩን ትተውት ማለፍ ነው።»

«አንቺስ» አልኳት፣ «መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆመሽ ያን አምባር ለሹፌሩ ትሸጪለታለሽ?»

ልጄ ሰዎች መድኃኒታቸውን ሲያቆሙ ምን እንደሚሆኑ ታውቃለች። በየወሩ የሚመጣ ሰው አንድ ወር ይቀራል፣ ሁለት ወር ይቀራል፣ ከዚያ ልጁ መጥቶ ያልተከፈተውን ብልቃጥ መመለስ ይቻላል ወይ ብሎ ይጠይቃታል። እራሷ ናት የነገረችኝ። አሁን ግን የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። የተቃጠለው ጋዋኗ ጎን ተገልጦ ይታያል። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። ጎረቤት አስነጠሰው፤ የዚያን ቀን ማናችንም ይማርህ አላልነውም። እኔ በልቤ እፈራለሁ፣ አልዋሽም። ልጅቱ እምቢ ብትል ሥራዋ አለቀ፣ ስሟ ጠፋ፤ እሺ ብትል ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ እነዚያን ሰዎች በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? አድርጊው ልላት ፈራሁ፣ አታድርጊው ልላትም ፈራሁ። አሁን በገዛ እጄ ለሁለተኛ ጊዜ ልግፋት?

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኳ ጠረጴዛው ላይ እየተርገፈገፈ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ሦስታችንም ስክሪኑን አየነው። ቆመ። እንደገና ጀመረ። ስንጥሬ ተነሣች። የቢሮውን ላፕቶፕ ከቦርሳዋ አውጥታ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ የቢሮውን ቁልፍ ከቀለበቱ በጥርሷ ፈልቅቃ ላዩ ላይ አደረገች። ከዚያ እጇን ወደ ደብተሩ ዘረጋች። ሳላስበው ጫፉን ያዝኩት። በሁለቱ ጫፍ ይዘነው ቆየን፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ያ ሁሉ ስም በመካከላችን ነው። ለቀቅሁላት። ልጄ ያልተበላ ዳቦ ከሣህኑ አንሥታ በወረቀት ጠቀለለችና ዓይኗን ሳታነሣ ዘረጋችላት። ስንጥሬ ተቀብላ ኪሷ ከተተችው። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ባለበት ተወችው፣ ጫማዋን አደረገች፣ በሩን ከፍታ ወጣች።

መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ወደ ቢሮው የሚወስደው አውቶቡስ ከታች በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ዞር ብላም አላየችው፤ ደብተሩን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሰዎቹ ገና ተራ ወደሚጠብቁበት ጤና ጣቢያ የሚያወጣውን ዳገት ተያያዘችው።